ሞክሼ

ጋሼ ኸድር የጠወለገ የሽንኩርት ችግኝ በእፍኛቸው ይዘው ገቡና የሳሚያ ኪቦርድ ላይ ዘረገፉት።

"እንኪ! የልፋትሽ ፍሬ ነው፤ ቅበሪው!"

ሳሚያ ከወንበሯ ብድግ አለች። "ጋሼ ኸድር! ምነው፣ ምን ተፈጠረ?"

"ምን ተፈጠረ ትለኛለች እንዴ! ስልኬ ላይ 'የውሃ ተራዎ ነገ 8 ሰዓት ነው፤ ሳሚያ' ብለሽ ላክሽልኝ። እኔም አምኜሽ፣ አካፋዬን ተሸክሜ፣ ትናንት በስምንት ሰዓት ቦዩ አፍ ላይ ተገተርኩ። ውሃው የታል? ጧት በሁለት ሰዓት ተለቆ፣ 'ባለማሳው የለም' ተብሎ፣ ለላይኛው ሰውዬ አልፏል! የእሱ ማሳ ጠጥቶ ሲያገሳ የእኔ ችግኝ ዓይኔ እያየ አንገቱን ደፋ።"

የመስኖ ማኅበሩ ሕግ ጨካኝ ነው፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ቦዩ ሲከፈት ማሳው ላይ ያልተገኘ ሰው ውሃው ያልፈዋል። ከዚያ ወዲያ ዙሩ እስኪመለስ መጠበቅ ነው። አዲስ የተተከለ የሽንኩርት ችግኝ ደግሞ በዚህ በቆላ ፀሐይ "ትንሽ ታገስ" ቢሉት የሚሰማ ጆሮ የለውም።

ሳሚያ መልስ ሳታገኝ እትዬ ዘይቱና በሩን ሞልተው ገቡ። እሳቸው እንኳ አልተቆጡም፤ እንዲያውም ይስቃሉ። ስልካቸውን አቀበሏት።

"አንቺ ልጅ፣ እስቲ ይህችን አንብቢልኝ። ሰፈሩ ሁሉ አንብቦ አልገባውም።"

"'የውሃ ተራዎ ነገ 14 ሰዓት ነው፤ ሳሚያ።'"

"እኮ! አሥራ አራት ሰዓት የሚባለው የት አገር ነው ያለው? እኔ የማውቀው እስከ አሥራ ሁለት ነው። ወይስ አሮጊት ናት ብለሽ ሁለት መረቅሽልኝ?"

ጋሼ ኸድር እንኳ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ሳሚያ ግን በልቧ ማስላት ጀመረች። ስምንትና አሥራ አራት። ከሁለቱም ላይ ስድስት ቢነሳ ሁለትና ስምንት ይቀራል፤ የሰዎቹ ትክክለኛ ተራ እሱ ነው። ፕሮግራሙ ለሸዋ ሮቢት ገበሬ በፈረንጅ ሰዓት ውሃ አድሏል ማለት ነው። ወይ ጉድ!

"እትዬ፣ የእርስዎ ተራ ዛሬ ነው፤ በእኛው በስምንት ሰዓት። ቀደም ብለው ማሳዎ ላይ ይገኙ።"

"እንዲህ ብትዪኝ ምን ነበረበት?" አሉና እትዬ ዘይቱና ነጠላቸውን ሰብስበው ወጡ።

"የእኔስ?" አሉ ጋሼ ኸድር።

"ጋሼ፣ ጥፋቱን ዛሬውኑ አገኘዋለሁ።"

"ጥፋቱን አግኝተሽ ችግኜን ታጠጪልኛለሽ?" ወደ በሩ ዞሩ። "ከዐስር ሶላት በኋላ ሮቃው ዛፍ ሥር ስብሰባ ነው፤ የውሃ አባቱ ጠርተውናል። ገበሬው ይህ የስልክ ነገር ይቅርና እንደ ድሮው በጥሪ እናጠጣ እያለ ነው። እኔም እጄን አወጣለሁ። ኋላ እንዳትቀየሚኝ፣ በግልጽ ልንገርሽ ብዬ ነው።"

እሳቸው ሲወጡ ሳሚያ ችግኙን ከኪቦርዱ ላይ ለቃቀመች። ፕሮግራሙ "ተራ" ይባላል። የውሃ አባቱ ቦይ ከሚከፍቱበት ቀን ቀድሞ ለየገበሬው በስልክ መልእክት ይልካል። ከዩኒቨርሲቲ ስትወጣ አዲስ አበባ ሥራ አግኝታ ነበር፤ ይቅርብኝ ብላ ወደ አገሯ የተመለሰችው ይህን ለመሥራት ነው። ዛሬ ገበሬው እጁን አውጥቶ ከጣለው ድካሟ ሁሉ ገደል ገባ። ስሟም እንደዚያው፤ በየሰው ስልክ ላይ "ሳሚያ" ተብሎ ተጽፏልና።

እዚህ ላይ ስለ ሞክሼዋ ካልተነገረ ነገሩ አይገባም። ሳሚያዎች ሁለት ናቸው። አንደኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው መምህሩ "ሳሚያ!" ሲሉ ሁለቱም "አቤት!" ብለው ይነሱ ነበር። መምህሩ ሲሰለቻቸው በአባት ስም ፊደል ተራ የሙዐዊያን ልጅ ሳሚያ አንድ፣ የጣሪቅን ልጅ ሳሚያ ሁለት አሏቸው። የእኛዋ ሳሚያ ሁለት ናት። እርስ በርሳቸው ግን "ሞክሼ" ነው የሚባባሉት። ስልክ ሲደዋወሉ ሰላምታ የለ፣ "ማን ልበል?" የለ፤ አንዷ "ሞክሼ!" ስትል ሌላዋ "ወዬ ሞክሼ!" ትላለች፣ በቃ። ዩኒቨርሲቲም አብረው ገቡ፤ ይህን ቤትም አብረው ከፈቱ። በሩ ላይ "ሳሚያ እና ሳሚያ ሶፍትዌር" ሲያስጽፉ ጻፊው "እህቶች፣ ተደግሟል፤ አንዱን ልተወው?" ብሎ በሳቅ ገድሏቸዋል። መልእክቱም ሥር "ሳሚያ" ብቻ እንዲወጣ የወሰነችው ሞክሼ ነበረች። "አንዷ ስም ለሁለታችን ትበቃለች፤ ምን ያጣላናል?" ብላ።

ሥራውንም ተካፍለው ነው የሠሩት። መልእክት የሚልከው ክፍል የሞክሼ ነው። ሰዓት የሚቆጥረውን ሳሚያ ለብቻው ጻፈችው። እንዲህ ዓይነቱን፣ ሌላ ፕሮግራም በስሙ እየጠራ የሚገለገልበትን ኮድ፣ የሙያው ሰዎች ላይብረሪ ይሉታል። ሳሚያ ላይብረሪዋን ጀንበር አለቻት። የመጀመሪያዋ፣ ጀንበር አንድ፣ እንደ ፈረንጅ ከእኩለ ሌሊት ጀምራ ነበር የምትቆጥረው። አባቷ ጋሼ ጣሪቅ ገና በሙከራው አይተው "ይህ ሰዓት ፓስፖርት አለው?" ብለው ቀለዱባት። አፍራ ጀንበር ሁለትን ጻፈች፤ ይህችኛዋ ከንጋት ጀምራ እንደ ሰው ትቆጥራለች።

ችግሩ የሞክሼ ክፍል ከጀንበር አንድ ጋር መላመዱ ነው። ጀንበር ሁለት ስትመጣበት "አላውቃትም" ብሎ ቀጥ ይላል። ተራ የሚያሰላው የሳሚያ ክፍል ደግሞ ያለ ጀንበር ሁለት አይሠራም። ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ሆኖ "ጀንበር!" ብሎ ሲጣራ ሁለት ሞክሼዎች ይነሳሉ ማለት ነው፤ ማን ለማን ትሂድ? ሞክሼ የራሷን ክፍል ልታስተካክል ቃል ገባች።

ይህ በሆነ ሰሞን ሳሚያን ወባ ጣላት። ማኅበሩን የሚረዳው ፕሮጀክት ሰዎችም ፕሮግራሙን ሊያዩ ከአዲስ አበባ የሚመጡት በዚያው ሰሞን ነበር። ሞክሼ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ብርቱካን ትልጥላታለች።

"ያንቺን ክፍል ከጀንበር ሁለት ጋር ካላስማማሽው አታሳዪያቸው፤ ይቅር" አለቻት ሳሚያ በትኩሳት ውስጥ ሆና።

"በእኔ ጣይው። አስማማዋለሁ አልኩሽ። አሁን ይህችን ዋጪ።"

ጉብኝቱ ሰመረ። ብዙም ሳይቆይ ፕሮጀክቱ ሞክሼን አዲስ አበባ ወስዶ ቀጠራት። ሳሚያ መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዋን ተሸክማ፣ አልቅሳ ሸኘቻት። ክረምቱ ገባ። ሰማዩ ሲያጠጣ ቦይ አይከፈትምና ፕሮግራሙም አብሮ ተኛ። አሁን ዝናቡ ቆሞ የመጀመሪያው ዙር መጀመሩ ነው።

ሳሚያ ተራ የሚያሰላውን ክፍሏን በራሷ ኮምፒውተር አስነስታ የጋሼ ኸድርን ተራ ጠየቀችው። ሁለት ሰዓት አለ። ለውሃ አባቱ ለጋሼ ሷሊሕ አትማ የሰጠቻቸው ተራ ከዚሁ የወጣ ነው፤ እሳቸው በሁለት ሰዓት ቦዩን መክፈታቸው ልክ ነው። መልእክቱ የሚላከው ግን ከማኅበሩ ቢሮ ነው። "እኔ ጋ ይሠራል" የምትል የሶፍትዌር ሰዎች ቀልድ አለች፤ ዛሬ ሳሚያን አላሳቀቻትም። ባጃጅ ይዛ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄደች።

ቢሮው እንደ ምድጃ ይጋግራል። ቁልፉ እሷም ጋ ስላለ ከፍታ ገባችና ኮምፒውተሩን አስነሳች። ጀንበር አንድም፣ ጀንበር ሁለትም እዚያው ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው ግን ሳሚያ ያልጻፈቻት አንዲት አጭር ኮድ አለች። ፕሮግራሙ ሲነሳ ከሁሉም ቀድማ ትነሳና በር ላይ ትቆማለች፤ ጀንበር ሁለትን ብሎ የመጣውን ሁሉ ጀንበር አንድን ሰጥታ ትመልሳለች። ደብረ ሲና ያለውን ተሳፋሪ ካራቆሬ መኪና ላይ እየጫነ "ግባ፣ እሱው ነው" የሚል ተራ አስከባሪ እንደማለት ነው። ከኮዷ አናት ላይ አንዲት ቃል ተጽፋለች፦ "ለጊዜው"።

"ለጊዜው" የሞክሼ ቃል ናት። የተሰበረ ወንበር በገመድ ስታስር ለጊዜው፣ የተቀደደ ጫማ በማስቲካ ስታጣብቅ ለጊዜው። ሳሚያ መጀመሪያ ልታዝንላት ሞከረች፤ ረስታው ይሆናል፣ ከሥራ ብዛት ነው፣ እኔም ታምሜ ነበር። ዝቅ ብላ ስታነብ ግን ይህ ሁሉ ማመካኛ ተነነ። ኮዷ ሰዓቱ ባይገጥም ፕሮግራሙ ሊያሰማ የሚገባውን ማስጠንቀቂያ ጭምር አፍናዋለች። የረሳ ሰው አፍ አይለጉምም። ሞክሼ አውቃለች፤ አውቃ ሸፍናለች፤ ሸፍና ተሰናብታለች። ሳሚያ ሻንጣ ስትሸከምላት ይህን ሆዷ ውስጥ ይዛ ነበር።

ደወለች።

"ሞክሼዬ! ሙቀቱ እንዴት ይዟችኋል? እኛ እዚህ በብርድ አለቅን!"

"ሞክሼ፣ ቢሮ ያለው ኮምፒውተር ላይ ጀንበር ሁለትን የጋረድሽብኝ አንቺ ነሽ?"

"አሁንም አለ እንዴ እሱ?"

"አለ እንጂ! ገበሬው በፈረንጅ ሰዓት ተጠርቶ ውሃ አልፎታል። ጋሼ ኸድር ችግኛቸውን ኪቦርዴ ላይ ደፍተውልኝ ሄዱ።"

"ያ አላህ! ወላሂ ሞክሼ፣ ለጊዜው ብዬ ነው። እንግዶቹ በር ላይ ቆመው ፕሮግራሙ አልነሳም አለኝ። ምን ላድርግ? አንቺ በትኩሳት ትቃዣለሽ። እነሱ እንደሆኑ የፈረንጅ ሰዓት ነው የለመዱት፤ ስምንት ሲላቸው ጧት መሆኑን አውቀው አጨበጨቡ። እነሱ ሲሄዱ አነሳዋለሁ ብዬ ነበር።"

"ታዲያ ሲሄዱ ለምን አልነገርሽኝም?"

"አፈርኩሽ።"

ይህች ቃል የሳሚያን ሆድ አባባችው። ከአፈረች ሰው ናት አለች በልቧ። ሞክሼም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ስሚኝ ሞክሼ። አለቃዬ ታምራት ወደዚያ እየመጣ ነው፤ ስብሰባው ላይ ይገኛል። ገና የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም፤ ይህን ከሰማ አለቀልኝ። እማዬ ደግሞ በእኔ እጅ እንዳለች ታውቂያለሽ። ሲስተም ነው በያቸው። ባንክ ቤቱም ቀበሌውም ሲስተም ነው ሲል ማን ይጠይቀዋል?"

"እንድዋሽ ነው የምትፈልጊው?"

"አትዋሺ! ዝም በይ ነው ያልኩሽ። ዐይኔን ግንባር ያድርገው በይ። ሞክሼ፣ በአላህ!"

"እሺ፣ አየዋለሁ" አለችና ዘጋችው። ከዚያ መልእክት የተላከላቸውን የቀሩትን ተረኞች አንድ በአንድ እየደወለች ሰዓታቸውን አስተካከለች። አንዳንዱ ሰደባት፣ አንዳንዱ መረቃት፤ ሁለቱንም "እሺ" ብላ ተቀበለች።

ሮቃው ሥር ሰው ከጥላው ተርፎ ፀሐይ ላይ ቆሟል። ጋሼ ሷሊሕ የውሃ መለኪያ ዱላቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። እትዬ ዘይቱና እግራቸው እስከ ቅልጥም ጭቃ ነው፤ ውሃቸውን አግኝተዋል። ጋሼ ኸድር ራቅ ብለው ቆመዋል። ታምራት የተባለው የፕሮጀክቱ ሰው ጫማው አቧራ እንዳይነካው ከመሬት ብቅ ያለ የዛፉ ሥር ላይ ወጥቷል። ሳሚያ በስም እንጂ በመልክ አታውቀውም ነበር።

"ቢስሚላህ" አሉ ጋሼ ሷሊሕ። "ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ ቦዩን የከፈትኩት በተሰጠኝ ሰዓት ነው። ኸድርም የመጣው በተሰጠው ሰዓት ነው። ሁለታችንም ልክ ሆነን ችግኝ ደረቀ። ይህን ማን አደረገው?"

ታምራት ጉሮሮውን ጠረገ። "አባቶች፣ እናቶች፣ ይህ ያው ቴክኒካል ነገር ነው። ሲስተሙ ነው።"

"ይህ ሲስተም የምትሉት ሰውዬ የማን ልጅ ነው?" አሉ እትዬ ዘይቱና። "ባንክ ስሄድ እሱ፣ ቀበሌ ስሄድ እሱ። አሁን ደግሞ ቦያችን ድረስ መጣ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሼ ሷሊሕ ግን አልሳቁም፤ ወደ ሳሚያ ዞሩ።

"ልጄ፣ እኛ የምንጠይቀው ሰው ነው። ማን ነው?"

ሳሚያ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሕፃናት ታዩዋት። ብርቱካኑ ታያት። "አፈርኩሽ" ያለው ድምፅም ተሰማት። እውነቱንም ሳትስት፣ ሞክሼዋንም ሳትሰጥ የምታመልጥበት አንድ መልስ ነበረ።

"ሳሚያ ናት" አለች።

የትኛዋ ብሎ የጠየቀ የለም። ከፊታቸው የቆመችው አንድ ሳሚያ ናት። ሰዉ ተንሾካሾከ። የጣሪቅ ልጅ እንዲህ ትሆናለች ብዬ አልጠብቅም ነበር የሚል ቃል ከኋላ ደረሳት። ጋሼ ኸድር ቀና ብለው አዩዋትና ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ፤ ከስድቡ ሁሉ እሱ ከበዳት። ሆድ ይፍጀው ብላ ጥርሷን ነከሰች።

ታምራት ግን ተንፈስ አለ። "እንግዲህ አባቶች፣ አትስጉ። ይህች እህታችን ረዳት ናት። ፕሮግራሙን የሠራችው ሳሚያ እኛ ዘንድ አዲስ አበባ ነው ያለችው። እንዲያውም ገና ስትቀጠር አስጠንቅቃን ነበር፤ የሰዓቱን ክፍል አብራኝ የነበረች ልጅ ናት የጻፈችው፣ ከእሱ ጥፋት ሊመጣ ይችላል ብላ። እንዳለችውም ሆነ። ራሷ መጥታ ታስተካክልላችኋለች።"

ሳሚያ ቃሉን በልቧ ደገመችው፤ ገና ስትቀጠር። የጥፋቱን ቆብ በበጋው ሰፍታ፣ ውሃ ሲያልፍ በማን ራስ ላይ እንደሚጠለቅ ቀድማ ወስናለች። ለጭብጨባ "ሳሚያ!" ተብሎ ሲጠራ አንደኛዋ ትነሳለች፤ ለወቀሳ "ሳሚያ!" ሲባል ሁለተኛዋ። ቅድም በስልክ "አፈርኩሽ" ስትላትም ይህን አፏ ውስጥ ይዛ ነው። ተከድታለች፤ ሌላ ስም የለውም።

እትዬ ዘይቱና ፊቷን ሲያዩ ቆይተው "አዲስ አበባ ያለችው የሙዐዊያ ልጅ አይደለችም እንዴ?" አሉ። "አንቺ ልጅ፣ ቅድም ሳሚያ ያልሽን የትኛዋን ነው?"

ሳሚያ ቀና አለች።

"ጋሼ ሷሊሕ፣ የሰጠሁት መልስ ጎዶሎ ነበር። ከተፈቀደልኝ ልሙላው።"

"ሙዪው።"

"ሰዓት የሚቆጥረው ክፍል የእኔ ነው፤ የሳሚያ ጣሪቅ። አሮጌውና አዲሱ ስማቸው አንድ ነው፤ አሮጌው በፈረንጅ ይቆጥራል፣ አዲሱ በእኛ። እንግዶች የመጡ ለታ አዲሱን ጋርዳ አሮጌውን በቦታው ያቆመችው፣ ለማንም ሳትናገርም የሄደችው፣ ሳሚያ ሙዐዊያ ናት። ቢሮው ኮምፒውተር ላይ ሳልሞክረው ወደ ስልካችሁ የለቀቅሁት ደግሞ እኔ ነኝ፤ ሳሚያ ጣሪቅ። አምኛት ነው። ሲስተም የሚባል ሰው የለም።"

"ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ" አሉ እትዬ ዘይቱና።

ታምራት ፊቱ ተለዋወጠ። "ይህ እዚህ መነገር ያለበት ጉዳይ አይደለም። ቢሮ ገብተን ብንነጋገር..."

"እዚሁ ነው የሚነገረው" አሉት ጋሼ ሷሊሕ። "ውሃው ያለፈው እዚሁ ነው።"

ከዚያ ክርክር ሆነ። ወጣቶቹ ስልኩ ይቆይ አሉ፣ ሽማግሌዎቹ ይቅር አሉ። ታምራት ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ወደ መኪናው ሄደ። በመጨረሻ ጋሼ ሷሊሕ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ፕሮግራሙ አንድ ዙር ይሞከራል፤ ከሳተ ይጣላል። ኸድርም ነገ ከሁሉም በፊት ያጠጣል።

"ነገ በስንት ሰዓት?" አሉ ጋሼ ኸድር በጥርጣሬ።

"ጀንበር ስትወጣ!" አሏቸው የውሃ አባቱ፤ ሰዉም በሳቅ ተበተነ።

ጋሼ ኸድር በሳሚያ አጠገብ ሲያልፉ ቆም አሉ። "እጄን አላወጣሁም። አልደገፍኩሽምም፤ ዝም ነው ያልኩት። ለወደፊቱ ግን ስልኬ ላይ የማን ልጅ እንደጻፈልኝ ልወቅ። ሳሚያ ሳሚያ ቢሉኝ አልሰማም።"

"እሺ ጋሼ።"

ወደ ቢሮው ተመልሳ ተቀመጠች። በር ላይ የቆመችውን አስመሳይ ኮድ አጠፋቻት። ከዚያ ሁለቱን ጀንበሮች ለየብቻ ክፍል ሰጠቻቸው። የሞክሼ ክፍል ሲጣራ ጀንበር አንድን በሙሉ ስሟ እንዲጠራ፣ የእሷ ክፍልም ጀንበር ሁለትን በሙሉ ስሟ እንዲጠራ፣ ጀንበር አንድ የምትሰጠው ሰዓትም ወደ ገበሬው ሳይወጣ በእኛ አቆጣጠር እንዲመለስ አደረገች። መሃል ላይ እጇ ቆሞ ነበር። የሞክሼን ክፍል ጠቅላላ ጠራርጋ ልታጠፋው አማራት፤ ደግሞም ትችላለች። ግን ሥራው ሥራ ነው፤ መልእክት በመላክ አላጠፋም። ከክፍሉ አናት ላይ "የሳሚያ ሙዐዊያ ሥራ" ብላ ጻፈችና ተወችው።

የጋሼ ኸድርን የነገ ተራ መጀመሪያ ወደ ራሷ ስልክ ላከችው። ሰዓቱ ትክክል ነው። ከታች "ሳሚያ" ይላል። ብዙ ካየችው በኋላ ጠቋሚውን ከስሙ መጨረሻ አድርጋ የአባቷን ስም ጨመረች። "ሳሚያ ጣሪቅ።" እንደገና ላከችው። መልእክቱን እያነበበች ሳለ ስልኩ እጇ ላይ ጮኸ። "ሞክሼ" ይላል።

አንስታ ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

"ሞክሼ! ምን አደረግሽኝ? ታምራት አሁን ደውሎ... ሞክሼ! ትሰሚኛለሽ?"

ድምፁን ከአንደኛ ክፍል ጀምራ ታውቀዋለች። ጨለማ ውስጥ፣ ገበያ መሃል፣ በሺህ ሰው መካከል ትለየዋለች።

"ማን ልበል?" አለች።

"ምን? ኧረ እኔ ነኝ! ሳሚያ ነኝ እንጂ!"

"የትኛዋ ሳሚያ?"

ሳሚያ ስልኩን አልዘጋችውም፤ ስሟን ከነአባቷ እስክትነግራት ድረስ ጠበቀች።